ከ16 ዓመት በኋላ የመጣ መጀመሪያ

አይስላንዳዊቷ ዘፋኝና የዜማ ደራሲ ቢዮርክ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 ያወጣችውን የኤሌክትሮኒክ ፖፕ አልበም «ዴቡ» ብላ ሰየመችው፤ የመጀመሪያ ሥራ ማለቷ ነው። የመጀመሪያዋ ግን አልነበረም። በ1977፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በስሟ የተጠራ አልበም በአገሯ ታትሞላታል። በጉርምስናዋ ከፐንክ ባንዶች ጋር ዘፍናለች። ከ1986 እስከ 1992 በሹገርኪዩብስ ባንድ ውስጥ ሆና ከአይስላንድ ውጭም ታውቃለች። በ1990 ከአንድ የጃዝ ትሪዮ ጋር የሠራችው አልበምም አለ። ይህን ሁሉ ያለፈች የ27 ዓመት ሴት «ገና መጀመሬ ነው» ስትል ምን ማለቷ ነው? የገበያ ዘዴ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን አልበሙን በሰማሁት ቁጥር ስያሜው እውነት ነው ወደሚለው አደላለሁ፤ እንዴት እውነት እንደሚሆን ማስረዳቱ ነው ከባዱ።

  

ቶሎ የሚመጣው መልስ «በ1977 የሰው ዘፈን ዘፈነች፣ በ1993 የራሷን» የሚል ነው። ካሴት ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ለይቶ ማንበብ የለመደ አድማጭ ይህን መልስ ሊመረምረው ይችላል፤ ሲመረመርም አይጸናም። የልጅነት አልበሟ በርግጥ በአብዛኛው የሌሎች ሥራ ነበር፤ የቢትልስና የስቲቪ ዎንደር ዘፈኖች በአይስላንድኛ ተዘፍነውበታል። ነገር ግን እዚያው ውስጥ ለአገሯ ሠዓሊ ለዮሃንስ ክያርቫል መታሰቢያ ራሷ የደረሰችው ዜማ አለ። በ1993ቱ ላይ ደግሞ የ1940ዎቹ አሜሪካዊ የፍቅር ዘፈን በሃርፕ ታጅቦ ይሰማል፤ ጂሚ ቫን ሂውዘንና ጆኒ በርክ የደረሱት ነው። የአልበሙ መክፈቻ «ሂዩማን ቢሄቪየር» የሚረግጥበት ከባድ ከበሮም በሬይ ብራውን ኦርኬስትራ ከተቀዳ የአንቶኒዮ ካርሎስ ጆቢም ሥራ በሳምፕል የተወሰደ ነው። አብዛኛውን ያዘጋጀው ፕሮዲዩሰር ኔሊ ሁፐር ነው፤ የባለአውታር መሣሪያዎቹን ሙዚቃ ታልቪን ሲንግ አምጥቷል። በባለቤትነት ብቻ ከተለካ በሁለቱ አልበሞች መካከል ያለው ልዩነት የመጠን እንጂ የዓይነት አይሆንም።

አሪስቶትል ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ መጀመሪያን ሲበይን ጥንቃቄ አድርጓል። ከእሱ በፊት ምንም የሌለው ነው አላለም፤ ከሌላ ነገር በግድ ተከትሎ የማይመጣ፣ ከእሱ በኋላ ግን ሌላ ነገር የሚመጣ ነው ያለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከቢዮርክ አልበም በፊት 16 ዓመት ሙሉ ሙዚቃ አለ፤ ከዚያ ሙዚቃ ውስጥ ግን ይህን አልበም ያስገደደ አንድም የለም። ከሹገርኪዩብስ የጊታር ጩኸት ተነስቶ ወደ ለንደን ሃውስ ሙዚቃ በግድ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ባንዱ ሲበተን አይስላንድ መቅረትም፣ ሌላ ባንድ ማቋቋምም፣ ጃዙን መቀጠልም ትችል ነበር።

ይህን በጆሮ መስማት የሚፈልግ ሰው አራተኛውን ዘፈን ያዳምጥ። ሚልክ ባር በተባለ የለንደን ጭፈራ ቤት መጸዳጃ ክፍል ውስጥ እንደተቀዳ ርዕሱ ላይ ተጽፏል። ጭፈራው ሞቆ፣ የማሽኑ ምት አዳራሹን ሞልቶ እያለ፣ ድምጿ ከሰው መሃል ይወጣል። በር ይዘጋል። ምቱ ከግድግዳው ወዲያ ታፍኖ ይቀራል፣ እሷ ግን መዝፈኗን አታቆምም። በዚያች አጭር ጊዜ አጃቢ የለም፤ ዜማው በራሱ እግር ይቆማል። ከዚያ በሩ ይከፈትና ምቱ ይመለሳል። አልበሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምወደው ቦታ የለም። መውጣት የሚችል ሰው ሲመለስ መመለሱ ምርጫ ይሆናልና፣ ከበሩ መከፈት በኋላ ያው የማሽን ምት ሌላ ነገር ሆኖ ይሰማኛል፤ ተሸክሟት የሚሄድ ሳይሆን እሷ የፈቀደችው።

ስለዚህም ነው በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሴቶችን የሚገጥማቸው የቆየ በደል ግድ የሚለኝ። ድምፁ የሷ፣ የተቀረው ግን አብሯት ያለው ወንድ ሥራ ነው የሚባል ልማድ አለ። ቢዮርክ በ2015 በሰጠችው ቃለ ምልልስ ለዓመታት የደከመችበት የቅንብር ሥራ ለወንድ ባልደረቦቿ ሲሰጥ መኖሩን በግልጽ ተናግራለች። በ«ዴቡ» የሁፐር ድርሻ እውነተኛ ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን መጀመር ብቻን መሥራት አይደለም። ፈላስፋዋ ሃና አረንት በ1958 ባሳተመችው «የሰው ልጅ ሁኔታ» በተባለው መጽሐፏ፣ ሰው በቃልና በድርጊት ሌሎች ወዳሉበት ዓለም ሲገባ እንደ ሁለተኛ ልደት ትቆጥረዋለች። ማንም ባዶ ቤት ውስጥ አይወለድም፤ አዋላጅ መኖሩም የተወለደውን ሰው የአዋላጁ አያደርገውም።

ያቺው አረንት ግን አንድ ከባድ ተቃውሞ ታነሳብናለች። አድራጊ ሰው ያስጀመረው ነገር ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ታሪኩ የሚገለጠው በኋላ፣ ለሚተርከው ሰው ነው ትላለች። እንግዲያው ቢዮርክ በ1993 ይህ መጀመሪያዬ ነው ለማለት ምን ዕውቀት ነበራት? እንደሚመስለኝ ምንም። ስያሜው የዕውቀት ቃል አልነበረም፤ የተስፋ ቃል ነበር። አረንት ራሷም የወደፊቱ አለመታወቅ ለሚያመጣው ችግር ሰዎች ያላቸው መድኃኒት ቃል መግባት መሆኑን ጽፋለች። «መጀመሪያዬ» ብሎ መሰየም፣ ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ተጠያቂ ነኝ ማለት ነው። ሌላ አልበም ሳትሠራ ብትቀር ኖሮ ስያሜው ሐሰት ሆኖ ይቀር ነበር። በ1995 «ፖስት»፣ በ1997 «ሆሞጀኒክ» ተከተሉ።

በዚህ መንገድ ካየነው የ12 ዓመቷ ልጅ ከሒሳቡ የወጣችው ተንቃ አይደለም። የዘፈነችው በርግጥ ዘፈን ነው፤ የደረሰችው ዜማም የሷ ነው። ይሁንና ዕድሜዋን ሙሉ ልትጠየቅበት የምትችለውን ቃል ከልጅ መቀበል ተገቢ አይሆንም። በዚያች ልጅና በባለ አልበሟ ሴት መካከል ያለው ዘመንም አልጠፋም። የ«ሂዩማን ቢሄቪየር» ዜማ የተደረሰው ቢዮርክ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ነው፤ በነበረችባቸው ባንዶች ውስጥ ቦታ አላገኘም ነበር። በ1993 አልበሙን ሲከፍት፣ ለሕዝብ የቀረበው የመጀመሪያው ነጠላ ዘፈንም እሱ ሆነ።