መኳኳል ሐሰት ነውን?



በየቁምስናው ወጣቶችን የምታስተምሩ ሁሉ በተደጋጋሚ ከሚቀርቡላችሁ ጥያቄዎች አንዱ ስለ መኳኳል እንደ ሆነ እናውቃለን። ጥያቄው አንዳንድ ጊዜ ከእናቶች ይመጣል፤ «ልጄ ከንፈሯን ሳትቀባ ከቤት አትወጣም፤ ይህ ኀጢአት አይደለምን?» ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም ከልጃገረዶቹ ከራሳቸው ይመጣል፤ «ተቀብቼ ቤተ ክርስቲያን ብመጣ ያልሆንሁትን መስዬ መቅረቤ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ዛሬ የከንፈር ቀለም፣ ፓውደር፣ የቅንድብ እርሳስና የጥፍር ቀለም ከትልልቅ መደብሮች አልፎ በየገበያውና በየመንገዱ ዳር በትንሽ ገንዘብ ይሸጣል። ስለዚህ ቀድሞ ለሠርግና ለዓመት በዓል ይደረግ የነበረው ነገር የዕለት ተዕለት ልማድ ሆኗል፤ ወጣቶችም ከጓደኞቻቸው ጋር በመስታወት ፊት ተቀምጠው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ይሞክራሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ፈጣን መልሶች ይሰጣሉ። አንዱ «ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ሌላው «ይህ የግል ጉዳይ ስለ ሆነ ማንንም አይመለከትም» ይላል። ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፉናል እንጂ ልጆቻችንን አይረዱም። ከቀለሙ በስተ ጀርባ ያለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ይኸውም ሰው የተሰጠውን ፊት እንዴት ሊቀበለው ይገባል? የሚል ነው።

ልማዱ አዲስ አይደለም

በመጀመሪያ፣ መኳኳል ከውጭ አገር ትናንት የገባ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል። ቃሉ ራሱ ከኩል የወጣ ነው። እናቶቻችን ዓይናቸውን ተኩለው፣ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ አቅልመው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብተው፣ ገላቸውን በወይባ ጢስ ታጥነው ኖረዋል። ይህን ሲያደርጉም ሐሰተኞች ናቸው ያላቸው አልነበረም።

በቅዱስ መጽሐፍም ብዙ ሰባክያን የሚያስታውሱት ኤልዛቤል ዓይኗን መኳሏን ነው (2 ነገ 9፡30)። ነገር ግን አስቴርም ወደ ንጉሡ ከመግባቷ በፊት 6 ወር በከርቤ ዘይት፣ 6 ወር ደግሞ በሽቱ ተዘጋጅታለች (አስ 2፡12)፤ ሕዝቧም በእርሷ አማካይነት ድኗል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን የኢዮብ ነገር ነው። ኢዮብ ከመከራው በኋላ ከወለዳቸው ሦስት ሴቶች ልጆች የሦስተኛይቱ ስም በዕብራይስጥ ቋንቋ «የኩል ቀንድ» ማለት ሲሆን፣ ይህም ኩል የሚቀመጥበትን ዕቃ ያመለክታል (ኢዮ 42፡14)። ልጆቹን ቀብሮ፣ በአመድ ላይ ተቀምጦ የነበረ ጻድቅ አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ስም ሲያወጣ ውበትን እንደ በረከት ተቀበለ እንጂ እንደ ወጥመድ አልፈራውም። ስለዚህ ኩሉ በኤልዛቤል ዓይን ላይም፣ በኢዮብ ልጅ ስም ውስጥም ይገኛል፤ ልዩነቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለብን።

ሊቃውንት ምን አስተማሩ?

የጥንት አባቶች በዚህ ጉዳይ ብርቱ ቃል መናገራቸውን መሸሸግ አይገባንም። በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ3ኛው መጀመሪያ የኖረው ተርቱልያኖስ፣ ከእርሱም በኋላ የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቆጵርያኖስ፣ ፊቱን የሚቀባ ሰው የፈጣሪውን ሥራ ጎደሎ ነው እንደማለት ይቆጠርበታል ብለው ገሥጸዋል። ይህ ተግሣጽ በውስጡ አንድ እውነት አለው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ13ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ መርምሮታል። ፊትን መቀባት አንድ ዓይነት ማስመሰል ነውና ከጥፋት ነጻ አይደለም ቢልም፣ ሁልጊዜ ሞት የሚያመጣ ኀጢአት እንደማይሆን ያስረዳል፤ ዝሙትን ለማነሣሣት ወይም እግዚአብሔርን በመናቅ ሲደረግ ነው እንዲህ የሚከብደው። ቀጥሎም ጥልቅ የሆነ ልዩነት ያስቀምጣል፤ የሌለንን ውበት አለን ማለት አንድ ነገር ነው፣ በበሽታ ወይም በመሰለው ምክንያት የደረሰን ጉድለት መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህኛው የተፈቀደ ነው ይላል።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። በልጅነቷ እሳት ጉንጯን ያቃጠላት አንዲት ወጣት አለች እንበል። ጠዋት ጠዋት ጠባሳዋን በፋውንዴሽን ሸፍና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ይህች ልጅ ማንን ዋሸች? ሰው ሁሉ አስቀድሞ ጠባሳዋን እንዳያይና እርሷን እንዲያይ ብቻ ፈለገች። እንዲያውም ቀለሙ እውነቱን እንዲታይ ረዳው ማለት ይቻላል። «ታጥበሽ ነይ» ብሎ የሚመልሳት መምህር ለእውነት የቆመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቅዱስ ቶማስ የፈቀደውን ከለከለ፣ ምሕረትንም ዘነጋ።

ውሸት ምንድር ነው?

ጠባሳ የሌለባት፣ እንዲሁ ለማማር የምትቀባዋስ? እዚህ ላይ ውሸት ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ውሸት ማለት ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሌላው እውነት ነው ብሎ እንዲቀበል መናገር ወይም ማድረግ ነው። በእሑድ ነጭ ነጠላ ለብሶ የሚመጣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ነጭ ለብሻለሁ አላለም። እንሶስላ የሞቀችም ሴት እጄ ሲፈጠር ቀይ ነበር አትልም። ቀለም መሆኑን የምታደርገውም የሚያያትም ያውቃሉ። ስለዚህ ልከኛ የሆነ ጌጥ ንግግር ቢሆን ኖሮ «ቀኑን አክብሬዋለሁ፣ እናንተንም አክብሬ መጥቻለሁ» የሚል ንግግር ነው እንጂ ሐሰት አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 ለቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር የሰውነት ውበት መልካም ነገር መሆኑን፣ ነገር ግን ከመልካም ነገሮች ሁሉ የበላዩ አለመሆኑን አስተምረዋል። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ወጣቶች ልዩ ልዩ ቀለም መሞከራቸውንም በዚሁ ዓይን እንድናየው ይገባል። ለፊቷ የሚስማማውን የምትፈልግ ልጅ የራሷን ፊት አስተውላ ማየት ግድ ይሆንባታል። ለጠይም ቆዳ ያልተሠራ ፓውደር ፊትን አመድማ እንደሚያደርግ የምታውቀው በመሞከር ነው። ይህ ችግር ደግሞ የእርሷ ጉድለት አይደለም፤ ለረጅም ዘመን አምራቾች ለነጭ ቆዳ ብቻ ሲሠሩ ስለ ኖሩ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 ፋሽን ፌር የተባለው ምርት የተጀመረው ጥቁር የፋሽን ትርኢት ሠራተኞች የሚስማማቸውን ቀለም አጥተው ልዩ ልዩውን እየቀላቀሉ ይቀቡ ስለ ነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፌንቲ የተባለው ምርት ሲወጣ በአንድ ጊዜ 40 ዓይነት የቆዳ ቀለም ይዞ መቅረቡ ብዙ ሴቶችን ያስደሰተውም በዚሁ ምክንያት ነው። የራስን ቀለም መርጦ መግዛት የተሰጠውን ፊት ከመቀበል የሚቆጠር ነው።

ሐሰቱ የሚጀምረው የት ነው?

አሁን ወደ አባቶች ተግሣጽ እንመለስ። የፈጣሪን ሥራ መንቀፍ ያሉት ነገር በእውነት ዛሬ አለ፤ ነገር ግን በከንፈር ቀለሙ ውስጥ አይደለም፤ ቆዳ በሚያቀላ ክሬም ውስጥ ነው። ከንፈር የተቀባች ልጅ ማታ ታጥባ የራሷን ፊት ታገኛለች። ቆዳዋን የምታቀላ ልጅ ግን የራሷ ፊት እንዳይመለስ ትደክማለች። ለውጡ ቋሚ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አያደርገውም፤ በግንባራቸው መስቀል የተነቀሱ እናቶች ምልክቱ እስከ መቃብር አብሯቸው ይኖራል፤ እነርሱ ግን ፊታቸውን አልናቁም፣ ባረኩት እንጂ። ጥፋቱ ንቀቱ ነው።

ይህ ንቀት ሥጋንም ይጎዳል። በርካሽ ከሚሸጡት ቆዳ አቅሊ ክሬሞችና ሳሙናዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ በአማርኛ ባዜቃ የምንለው፣ አለባቸው። ባዜቃ ቆዳን ጠይም የሚያደርገው ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ግን ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ በማኅፀን ወዳለ ሕፃንም ይደርሳል፣ በፎጣና በንክኪ ለቤተ ሰቡ ይተርፋል። ሌሎቹ ሐኪም ሳያዝዝ ሊወሰድ የማይገባ ስቴሮይድ ስላለባቸው ቆዳን ያሳሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት በውበት መጠበቂያዎች ውስጥ ያለውን ባዜቃ ለማስቀረት ከደነገጋቸው ነገሮች መካከል ይህ ይገኝበታል። ስምምነቱ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 የባዜቃ መመረዝ በሽታ ከታወቀባት የጃፓን ከተማ ነው። እንግዲህ በጥቂት ብር የተገዛው ነገር በመጨረሻ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቡት።

ነገር ግን ልጅቷን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። «ቀይ» ማለትን «ቆንጆ» ከማለት ጋር አንድ አድርጎ ያስተማራት ማን ነው? ሕፃን ሲወለድ ገና ጤንነቱን ሳንጠይቅ «ቀይ ነው ወይስ ጥቁር?» የምንል እኛ ነን። በእኅትማማቾች መካከል «አንቺ እኮ የእናትሽን ቅላት አልወሰድሽም» ብለን የምንቀልድ እኛ ነን። ሠርገኛ ሲመርጥ፣ ሱቅ ሻጭ ሲቀጥር ይህን የሚያስቀድም ብዙ ነው። ልጅቷ የገዛችው ክሬም የእኛን ንግግር ተከትሎ የመጣ ነው። ሐሰቱ በመጀመሪያ በእኛ አንደበት ተነገረ፤ እርሷ አምናው በፊቷ ላይ ቀባችው።

ያልተቀባ ፊትም ራሱን ይመርምር

ደግሞም የማይቀቡ ሁሉ ከዚህ ፈተና ነጻ ናቸው ብለን አናስብ። ጌታችን ስለ ጾም ሲያስተምር ሰው እንዲያያቸው ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ነቅፎ፣ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብ፣ ራሱንም እንዲቀባ አዟል (ማቴ 6፡16-18)። ከዚህ የምንማረው የደበዘዘ ፊትም ማስመሰያ ሊሆን እንደሚችል ነው። «እኔ እንደነርሱ አልቀባም» እያለች ጎረቤቷን በልቧ የምትፈርድ ሴት ከማንኛውም ቀለም የወፈረ ነገር ተቀብታለች። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘሳልስ እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው ለመንፈሳዊ ሕይወት መግቢያ በሚሆነው መጽሐፉ፣ መንፈሳውያን ሰዎች በጉባኤ መካከል ከሁሉ ይልቅ በአግባብ የለበሱ፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ከትዕቢተኛ ጌጥ የራቁ እንዲሆኑ መመኘቱ ይህን ሚዛን በደንብ ያሳያል።

ለመምህራን የምናሳስበው

እንግዲህ አንዲት ወጣት ስለዚህ ነገር ስትጠይቃችሁ ከክልከላ በፊት ሦስት ጥያቄ አቅርቡላት። አንደኛ፣ ማታ ታጥበሽ መስታወት ስታዪ የምታዪውን ፊት ትወጂዋለሽን? ሁለተኛ፣ ለዚህ የምታወጪው ገንዘብ ከቤትሽ እንጀራ፣ ከታናናሾችሽ ደብተር ወይም ከድኻ ድርሻ የተቀነሰ ነውን? ሦስተኛ፣ ሳትቀቢ ወደ ሰው ፊት ለመውጣት፣ ለጸሎትም ለመቅረብ ትፈሪያለሽን? ለነዚህ በሰላም የምትመልስ ልጅ በከንፈሯ ላይ ያለው ቀለም አያሳስባችሁ። አንዱ ጥያቄ ካስጨነቃት ግን ጊዜ ሰጥታችሁ አድምጧት፤ የሚያስፈልጋት ተግሣጽ ሳይሆን የተወደደች መሆኗን የሚነግራት ሰው ነው።

በተግባርም ምከሯት። የሠሪው ስምና የተሠራበት ነገር ዝርዝር ያልተጻፈበትን፣ ወይም ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አትግዛ፤ አዲስ ነገር በፊቷ ከመቀባቷ በፊት በክንዷ የውስጥ ገጽ ጥቂት ቀብታ አንድ ቀን ትቆይ፤ የኩል መኳያ፣ ማስካራና የከንፈር ቀለም ከጓደኛዋ ጋር አትዋዋስ፣ የዓይን በሽታ በዚህ ይተላለፋልና። በገበያ የሚሸጥ የድንጋይ ኩል አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ስላለበት በተለይ ለሕፃናት ዓይን አይኳል። በጥቂት ቀን ቆዳ አቀላለሁ የሚለውን ሁሉ ግን ትጣለው።

እኛ ወላጆችና መምህራንም በበኩላችን ከዛሬ ጀምሮ በቤታችንና በክፍላችን የልጆችን የቆዳ ቀለም እያነጻጸርን ማመስገንንና መቀለድን እንተው። ልጆቻችን በተሰጣቸው ፊት እንዲደሰቱ ከፈለግን አስቀድመን እኛ ደስ ብሎን እንያቸው።

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን።