የትናንቱ ውሃ ምስክር

ወርቅ ሲወጣ ሁሉም ያያል። የከርሰ ምድር ውሃ ሲሸሽ ወይም ሲበላሽ ግን ማን ያያል? ወንዝ ቢሆን ደፈረሰ፣ ጠቆረ ይባላል፤ ከብቱም አልጠጣም ብሎ ይመሰክራል። የጉድጓድ ውሃ ጥሩ መስሎ ይቀዳል፣ ጥሩ መስሎ ይጠጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሉሃል ይሄ ነው! እንግዲህ ለዛሬ የምናነሳው ጥያቄ፣ በደሉ የማይታይለት ሰው ምን ይዞ ይከራከራል የሚል ነው።

ፍልስፍና የምንማረው ወዲያው ወደ ፕላቶን መሮጣችን አይቀርም። በ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ መሬት ተሰንጥቃ አንድ እረኛ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ ከዚያም የሚሰውር ቀለበት ይዞ ይወጣል። ጥያቄው «ማንም የማያየው ሰው ጻድቅ ሆኖ ይኖራል ወይ?» ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ስለ ቀለበቱ ባለቤት ነው የምንጨነቀው። ቀለበት በሌለበት በኩል የቆመውስ?

ነገሩን ከአየር ላይ እናውርደውና አሶሳ እናድርሰው። የቤኒሻንጉል ወርቅ የሩቁን ሰው ሲጠራ የኖረ ነው፤ የግብጹ መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን ሲወርር ካማለሉት ነገሮች አንዱ የዚህ አካባቢ ወርቅ ነበር። የበርታ ሴቶች ግን ከዚያም ወዲህ አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ ኖረዋል። ዛሬ ነገሩ ከገበቴ አልፏል። ወደ ሱዳን ድንበር፣ በኩርሙክ በኩል፣ በዲሽ ተራራና በአሻሽሬ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ታቅዶ ወደ ግንባታ ገብቷል። ሌሎችም እንደሚከተሉ መገመት አያቅትም።

ገደል የሚያህል ጉድጓድ ሲቆፈር ከውሃው ወለል በታች ይወርዳል። ቆፋሪው በደረቅ እንዲሠራ ውሃው ይሳባል፤ በዙሪያው ያለው የእጅ ፓምፕም ሊደርቅ ይችላል። ድኝ ያለበት ድንጋይ አየርና ዝናብ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል። ወርቁን ከተፈጨው ድንጋይ የሚለየው ሳይናይድ ነው፤ ዝቃጩ በግድብ ይታቆራል። ሌላም ጣጣ አለ። ወርቅ ባለበት ድንጋይ ውስጥ አርሰኒክ በተፈጥሮው ሊኖር ይችላል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በባህላዊ መንገድ ወርቅ በሚወጣባቸው ቦታዎች ደግሞ ሜርኩሪ ገብቷል። ስለዚህ ነገ ውሃው ተመርዞ ቢገኝ ድንጋዩ ነው፣ ባህላዊው ቆፋሪ ነው ወይስ ኩባንያው? ይህን የሚፈታው ሥራው ሳይጀመር የተወሰደ ልኬት ብቻ ነው። ከማዕድኑ በላይም በታችም የመከታተያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የውሃው ጥልቀትና ጠባይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምትም በጋም ይለካል። የግንቦቱ ዝናብ ከመጣ በኋላ ብቻ የለካ ሰው የየካቲትን ጥማት አያውቅም።

ለገደንቢን እናስታውስ። በ2010 ዓ.ም. የጉጂ ሕዝብ ልጆቻችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብሎ ተነሳ፤ መንግሥትም የማዕድኑን ፈቃድ አገደ። ማዕድኑ በግል ባለሀብት እጅ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። እንዲህ ባለ ክርክር የአንዲት እናት ትዝታ ከላቦራቶሪ ወረቀት ጋር ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ስንት ይመዝናል?

ሕጉ የለም አይባልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ሆኖም ባለጉዳዩ ምን ተሸክሞ ይግባ? በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን የሚያስጠናው የፕሮጀክቱ ባለቤት ራሱ ነው። የትናንቱን ውሃ የሚመሰክረው ወረቀት፣ ነገ ተከሳሽ ሊሆን በሚችለው ሰው መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ገጥሞናል። አንደኛው «ታዲያ ማን ይክፈል? ድሀው ገበሬ?» የሚል ነው። በፍጹም! ኩባንያው ይክፈል። ለምስክር የመንገድ ስንቅ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ማስጠናት ሌላ። ሁለተኛው ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን የመጣ ነው፤ አርሰኒክ ማንም ለካው ማን ያው አርሰኒክ ነው ይሉናል። እውነት ነው፣ ቁጥሩ አያዳላም። ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ በየትኛው ወር ይለካ፣ ምን ይመርመር፣ ምን ይቅር የሚለው ግን የሰው ምርጫ ነው። ከላይ በኩል ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ ዕድሜ ልኩን ንጹሕ ነው። ያልተቆፈረውማ አይዋሽም፣ ዝም ይላል እንጂ። እኛን የሚያስፈራን እንዲያውም ሐሰተኛው ሳይሆን ታማኙ ባለሙያ ነው፤ በደንብ ለክቶ፣ በደንብ ጽፎ፣ በእንግሊዝኛ መቶ ገጽ አስረክቦ ይሄዳል። በርታኛ የምትናገረው ሴት የምትቀዳው ውሃ በዚያ ወረቀት ላይ ቁጥር አለው፤ እሷ ግን አታውቀውም። ያልዋሸ ሰው ሊበድል ይችላል የምንለው ለዚህ ነው።

መፍትሔውም ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። የተቀዳው ናሙና በሁለት ጠርሙስ ይከፈል፤ አንዱ ኩባንያው ወዳልመረጠው ላቦራቶሪ ይሂድ። የጉድጓዶቹ ቦታ ሲመረጥ የትኛው ምንጭ በጋ እንደሚከርም የሚያውቁት ሴቶች ይጠየቁ። ውጤቱ በየሩብ ዓመቱ በበርታኛ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይነበብ።

የመከታተያ ጉድጓድ ክዳን አለው፤ ክዳኑም ይቆለፋል። ቁልፉ ሁለት ይሁን በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል፤ አንዱ ከለኪው ዘንድ ይቆይ። ሁለተኛውን የቀበሌው ሊቀመንበር ይያዘው የሚሉ አሉ፤ ውሃ ቀጂዎቹ ይያዙት የምንልም አለን። ይህ ገና አላለቀም።