የወላጅ ገንዘብ አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ተማሪ ከቤቱ የሚላክለትን ብር ሲቀበል ምን ተቀበለ እንበል? ብዙዎቻችን «የኪስ ገንዘብ» ብለን እናልፈዋለን። እኔም እንደዚሁ እል ነበር። በ2011 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ላሊበላ ስሄድ ኩልመስክ ላይ ያገኘኋቸው ሰው ግን ይህን ስም አስጥለውኛል።

ከወልዲያ ተነስቶ በድልብ በኩል ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣውን መንገድ የተጓዘበት ያውቀዋል። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይዘራበታል፤ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ሳስቷል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ላስታ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን የገፋው በሴፍቲኔት እየተደጎመ ነው። መኪናችን ኩልመስክ ቆሞ ሲነሣ አንድ ገበሬ አጠገቤ ተቀመጡ። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ እጃቸው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አለ።

«ጋሼ፣ ገመዱ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የበሬ ነው። በሬው ተሸጠ፤ ገመዱ ቀረ» አሉኝ።

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። ለትምህርቴ ኮምፒዩተር ያስፈልገኛል ብሎ ልኮባቸው፣ ብሩን በባንክ ሊያስገቡለት ላሊበላ መሄዳቸው ነበር። ታዲያ በምን ያርሳሉ ብላቸው አንድ በሬ እንደቀራቸውና ከጎረቤት ጋር መቀናጆ እንደሚገቡ ነገሩኝ። ዝም ስል ጊዜ አዘነልኝ መሰላቸው መሰለኝ፣ «በሰባ ሰባት ሕፃን ነበርኩ። አባቴ በጫንቃው ተሸክሞ ከረሃቡ አሻገረኝ ይሉኛል፤ እሱ ግን አልተመለሰም። እኔ የሸጥኩት በሬ ነው። ምን አለው?» አሉኝ።

በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያ አገር ሲያልፍ እኒያን ሰው ደጋግሜ አስቤአቸዋለሁ። ልጃቸው ኮምፒዩተሩን ገዝቶ፣ ተምሮም ለቁም ነገር በቅቶ ይሆናል። ልጠረጥረው አይገባኝም። እኔ የማውቀው የራሴን ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አባቴን «መጽሐፍ ልገዛ ነው» ብዬ ብር አስላክሁት። ምግብና መኝታ በወጪ መጋራት አገኝ ስለነበር የቸገረኝ ነገር አልነበረም። ያ ብር አሥር ቀን ሳይሞላው በበርጫና በሺሻ አለቀ። ምርቃናው ሲይዘን ስለ ኡማው ውድቀት እንከራከር ነበር፤ የዒሻ ሰላት ጀመዓ ሲያመልጠን ግን አይታወቀንም። ገንዘቡ የአንዲት የምትታለብ ላም ዋጋ መሆኑን የሰማሁት አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ ከእናቴ አፍ ነው። ታናናሾቼ በዚያ ዓመት ወተት አልነበራቸውም። አባቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መጽሐፍ ሊገዛ ነው» ሲል ከርሟል። አውፍ እንዲለኝ የምጠይቅበት ጊዜ አለፈኝ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአደም ልጅ በቂያማ ዕለት ሳይጠየቅ ከቆመበት እንደማይነቃነቅ አስተምረውናል። ቲርሚዚ በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ሰው ስለ ዕድሜውም ስለ ዕውቀቱም ይጠየቃል። ስለ ገንዘብ ግን ጥያቄው ሁለት ነው፤ ከየት አመጣኸው? በምን ላይ አዋልከው? ገበሬው አባት የመጀመሪያውን ጥያቄ በላቡ መልሶታል። ሁለተኛው የቀረው ለእኛ፣ ገንዘቡን ለተቀበልነው ልጆች ነው። አባት በሐላል ያገኘውን ልጅ በከንቱ ሲያጠፋው እንዴት ያለ መልስ ይሰጥ ይሆን?

ሱረቱል ኢስራእን የሚቀራ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። አላህ (ሱ.ወ.) ለወላጆች በጎ እንድንውል፣ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ካዘዘ በኋላ፣ ጥቂት አንቀጾች ዝቅ ብሎ አባካኞችን ከሰይጣናት ጋር በወንድማማችነት ያዛምዳቸዋል። ሁለቱ ትእዛዛት ጎረቤታሞች ናቸው። በወላጅ ገንዘብ የሚያባክን ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጥሳል። ፊት ለፊት «ኡፍ» ባይላቸውም በሥራው ብሏቸዋል።

«ጫት እኮ ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ ነው፤ በወሎ አባቶቻችንም ለዱዓ ይቀማምሱት ነበር» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። የቅጠሉን ሑክም ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ የምጠይቀው የቅጠሉን መግዣ ነው። ላሚቱን የሸጠው ሰው ለምን ብሎ ሰጠህ? ለመጽሐፍ ብሎ የሰጠህን ለበርጫ ማዋል አማና መብላት ነው። በዚህ ላይ የተለያየ ዑለማ አላውቅም።

መስዋዕትነት የሚከፍሉትም ወላጆች ብቻ አይደሉም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከወሎ የሄዱ ብዙ እህቶች ነበሩባቸው። ከእነሱ ውስጥ ወንድሟን ለማስተማር በሰው ቤት ሌሊቱን ስትሠራ የኖረች ስንት ናት? እሷ የላከችውን ብር ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚያሟሙቅ ወንድም ነገ አላህ ፊት እህቱ አጠገብ ይቆማል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ተማሪ የሆንክ ወንድሜ፣ ተማሪ የሆንሽ እህቴ፣ ከቤት የመጣውን ብርና የወጣበትን ነገር በወረቀት ጻፉት። ወላጃችሁ ፊት ልታነቡት የምታፍሩበት መስመር ካለ ለመተው ዛሬ ጀምሩ። ወላጆችም ችግራችሁን ከልጆቻችሁ አትደብቁ። «አንተ ተማር እንጂ ስለ ብሩ አታስብ» የሚለው ቃል ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ልጁን ዋጋውን ሳያውቅ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። በሬው ከተሸጠ በሬው መሸጡን ይወቅ። በከተማ ሞልቶልን የምናሳድግ ደግሞ ልጁ የጠየቀውን ሁሉ መስጠት ተርቢያ እንዳይመስለን።

እንደ እኔ ወላጁን የቀበረ ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገሮች በቀር እንደሚቋረጥ፣ ከሦስቱም አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ መሆኑን ነግረውናል። እንግዲህ ደጉን ልጅ መሆን ገና አልዘጋብንም። እኔ ለእናቴ ላም ገዝቻለሁ። የአባቴን ዕዳ ይከፍላል ብዬ አይደለም፤ ከየት መጀመር እንዳለብኝ ሌላ ስላላወቅሁ ነው።

አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።