የተዘጋ መንገድና የወል ቋት

የመንገድ ነገር ሲነሣ የመሐንዲስና የገንዘብ ሹም ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይታየናል። ሆኖም «ይህ መንገድ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ውሎ አድሮ «እኔና ጎረቤቴ የምንጋራው ምንድን ነው?» ወደሚለው ያደርሳል። በስደት አገር ቤት ገዝቶ በየወሩ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚያዋጣ ወገናችን ሁሉ፣ አሰበውም አላሰበውም የዚህ ጥያቄ ተካፋይ ነው። ነገሩን አጥርቶ ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የሚኔሶታን ክፍለ ግዛት በምሳሌነት እንውሰድ።

በሚኔሶታ ከነዳጅ ግብርና ከተሽከርካሪ ምዝገባ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ አንድ የመንገድ ቋት ይገባል። ከዚያም 95 በመቶው በሕገ መንግሥቱ በተደነገገው መሠረት ይከፋፈላል፦ 62 በመቶ ለክፍለ ግዛቱ አውራ ጎዳናዎች፣ 29 በመቶ ለካውንቲዎች፣ 9 በመቶ ለከተሞች። ከዚህ የመጨረሻ ድርሻ የሚካፈሉት 5,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ናቸው። ክፍፍሉ ግማሹ በሕዝብ ቁጥር፣ ግማሹ መንገዶቹ በሚያስፈልጋቸው ወጪ ይሰላል። በዚህ ገንዘብ የሚረዳው የመንገድ ርዝመትም በመሠረቱ በከተማው ውስጥ ካሉት የከተማና የካውንቲ መንገዶች ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። የግል መንገድ ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጭ ነው። ስለዚህ በግል የተያዙ መንገዶች በበዙ መጠን፣ ከተማው ድርሻውን የሚለካበት መሠረት እየጠበበ ይሄዳል።

ከሴይንት ፖል በስተሰሜን የምትገኘው ኖርዝ ኦክስ የዚህ ነገር የመጨረሻ ጫፍ ናት። መሬቱ ቀድሞ የታወቀው የባቡር ሐዲድ ባለሀብት የጄምስ ሂል እርሻ ነበር፤ ከ1950 ጀምሮ መኖሪያ ሆነ፤ በ1956 ደግሞ ከተማ ተባለ። እዚያ የቤት ባለቤት ይዞታ እስከ መንገዱ መካከል ይዘልቃል፤ ከተማዋ «የእኔ» የምትለው ጎዳና የላትም። በ2008 የጉግል ኩባንያ የመንገዶቿን ፎቶግራፍ ከካርታው እንዲያነሣ አስጠይቃ ተፈጽሞላታል። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 5,272 ሆነው ተገኙ። በሕዝብ ቁጥር ደጃፉን አልፋለች ማለት ነው፤ ዳሩ ግን የራሷ ጎዳና ስለሌላት ሁለተኛው መስፈሪያ ከእርሷ ዘንድ የሚሰፍረው ጥቂት ነው።

ይህ ፍትሕ ነውን? የነዋሪው መልስ ቀላል አይደለም። «እኔም ነዳጅ እቀዳለሁ፤ እኔም ግብር እከፍላለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። በነሐሴ 2007 በሚኒያፖሊስ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሲሞቱ፣ ምክር ቤቱ በማግሥቱ ዓመት የነዳጅ ግብሩን ለመጨመር ወሰነ። በጋሎን 20 ሳንቲም የነበረው በ2012 28.5 ሳንቲም ደረሰ። ይህን ጭማሪ በግል መንገድ የሚኖረውም እንደ ማንም ከፍሏል።

ሆኖም መክፈል ብቻውን መብት አይሆንም፤ የከፈልንበት ነገር ምንነትም ይጠየቃል። እድራችንን እናስብ። እድርተኛ መዋጮውን ስለከፈለ ድንኳኑን በግቢው ተክሎ፣ አጥሩን ዘግቶ፣ ለቀስተኛውን «ከዚህ ወዲያ አትለፍ» ሊል አይችልም። መዋጮው የገዛለት የሸራ ቁራጭ ሳይሆን ሰው የሚገባበትን ድንኳን ነው። የነዳጅ ግብርም እንዲሁ ነው። ከግል መንገዱ የወጣ መኪና ወደ ሥራ፣ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ገበያ የሚሄደው የአላፊውን ማንነት በማይጠይቅ የወል ጎዳና ነው። ባለቤቱ የከፈለው ለዚያ ነው፤ ተቀብሎበታልም። መንገዱን ዘግቶ ለመኖር መምረጥ መብቱ ነው፤ የመረጠውን በማያሳልፋቸው ሰዎች ገንዘብ ማስጠገን ግን ሁለት ወዶ ነው።

እስከዚህ ፍርዱ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን የግል መንገድ ሁሉ የባለጸጋ ምርጫ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ቤቶች በሚተከሉባቸው ሰፈሮች ነዋሪው ቤቱ የራሱ ሆኖ መሬቱና መንገዱ የሌላ ባለንብረት የሆነበት ብዙ ነው። በመለስተኛ የታውንሃውስ ሰፈሮችም መንገዱ የግል የሚሆነው አንዳንድ ጊዜ ገንቢው ጠባብ መንገድ ሠርቶ ብዙ ቤት ለመትከል፣ ከተማው ደግሞ ከጥገናና ከበረዶ ጠረጋ ወጪ ለመዳን ስለፈለጉ ነው። ገዢው የሚደርሰው ውሉ ካለቀ በኋላ ነው። የንብረት ግብር ለከተማው፣ መዋጮ ለማኅበሩ ይከፍላል፤ የሌላውን ሰፈር ጎዳና እያስጠገነ የራሱን ጉድጓድ ለብቻው ይደፍናል። ሕጉ ይህን ሰውና የኖርዝ ኦክስን ባለርስት በአንድ ዓይን ያያል። አንዱ ግን መንገዱን የዘጋው በፈቃዱ ነው፤ ሌላው ተዘግቶ ነው ያገኘው።

ስለዚህ ሕጉ ይፍረስ አልልም። የወል ገንዘብ ለወል መንገድ ይሁን የሚለው መርሕ ሊጸና ይገባል። የሚጎድለው መውጫው ነው። የግል መንገድ ለከተማው ሊሰጥና የሕዝብ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አስቀድሞ በከተማው ደረጃ እንዲሠራ ይጠየቃል፤ ይህ ወጪ ደግሞ በሩን ለመክፈት በሚፈልገው በድኻው ሰፈር ላይ ይከብዳል። መደገፍ ያለበት ይህ ሰፈር ነው፦ ተዘግቶ እንዲቆይ ሳይሆን እንዲከፈት። የከተማ ምክር ቤትም የግል መንገድ ሲፈቅድ የዛሬውን የበረዶ ጠረጋ ወጪ ብቻ ሳይሆን የነገውን ድርሻውንና ገና ያልመጣውን ገዢ አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።

እኛም ቤት ልንገዛ ስንሄድ የመኝታ ክፍሉን ቁጥርና የወለዱን መጠን እንጠይቃለን። ደጃፉ ላይ ያለው መንገድ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን መጠየቅ ለኪሳችን ይበጃል፤ ከማን ጋር ምን ልንጋራ እንደምንፈርምም አስቀድሞ ያሳውቀናል።