ለፖይንቱ አትቸኩዪ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የጠየቅሽኝን እዚያው በር ላይ ቆሜ ልመልስልሽ አልሆነልኝም፤ አንዱ ሲስመኝ ሌላው ሲጠራኝ ወሬያችን ተቋረጠ። «እትዬ፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ሦስት ዓመት ባሌት ተምራ እስካሁን ጉልበት ከማጠፍና እግር ከመዘርጋት አላለፈችም። የጎረቤታችን ልጅ ግን ሌላ ቦታ ገብታ ፖይንት ጫማ አድርጋ በጣቷ ቆማለች። ላዛውራት ወይ?» ነው ያልሽኝ።

አታዛውሪያት፣ ልጄ። እኔ የራሴን ልጅ ባሌት ለማመላለስ 12 ዓመት መኪና ነድቻለሁ፣ በመስታወት በር ስንቱን ክፍል ቆሜ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ክፉኛ ተሳስቻለሁ።

ጉልበት ማጠፍ ያልሽው ፕሊዬ ይባላል። ዝላይ ሁሉ ከእሱ ይነሣል፣ ተመልሶም በእሱ ያርፋል፤ ፕሊዬ የሌላት ልጅ ስትወርድ ጉልበቷና ወገቧ ናቸው የሚመቱት። እግር መዘርጋቱ ደግሞ ታንዱ ነው። እግሯን መሬት ለመሬት እያንሸራተተች እስከ ጣቷ ጫፍ ስትዘረጋ የመርገጫዋ ትንንሽ ጡንቻዎች ይሠራሉ፤ ኋላ በፖይንት ጫማው ውስጥ የሚሸከሟት እነዚያው ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ ልጅሽ ፖይንት አልጀመረችም አትበዪ፤ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው።

በ3 እና በ4 ዓመት የሚሰጠው ጨዋታ ነው፤ ሙዚቃ መስማት፣ ተራ መጠበቅ፣ እንደ ቢራቢሮ መሮጥ። ደግ ነገር ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት። እውነተኛው ትምህርት የሚጀምረው 7 ወይም 8 ሲሞላቸው ነው። መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞረው ባሩን፣ ማለት መደገፊያውን እንጨት፣ በሁለት እጅ ይይዛሉ፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ ባሩን ትተው መሐል ይወጣሉ። ከሁሉ የሚከብደው እግርን ወደ ውጭ ማዞር ነው። መዞር ያለበት ከዳሌ ነው፤ የዳሌ አጥንት ደግሞ የሰው ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዷ በተፈጥሮዋ ብዙ ይዞርላታል፣ ሌላዋ ጥቂት። መምህርን ለማስደሰት መርገጫዋን ብቻ አስገድዳ የምታዞር ልጅ ጉልበቷን እያጣመመች ነው። ጉልበቷ ስታጥፈው በእግር ጣቶቿ አቅጣጫ መሄዱን ተመልከቺ፤ ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያሻም።

«ሩሲያ ውስጥ በ10 ዓመታቸው ይቆሙ የለ?» የሚሉሽ ይኖራሉ። በ1738 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ዛሬ በአግሪፒና ቫጋኖቫ ስም የሚጠራው የሴንት ፒተርስበርግ ትምህርት ቤት ልጆችን በ10 ዓመት ገደማ መርጦ ይቀበላል፤ ስምንት ዓመትም ያስተምራል። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ውሏቸው እዚያው ነው፣ በየቀኑ ይሠራሉ። የእኛዎቹ ከትምህርት በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚሄዱት። ዕድሜዋን ትተሽ ባሩ ላይ የቆመችበትን ሰዓት ቁጠሪ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለምትሠራ ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት፣ ያውም ሦስት አራት ዓመት ከተማረች በኋላ፣ ደኅና ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ እግሯ ተረከዟን ደጋግማ ስታነሣ ቁርጭምጭሚቷ የማይንገዳገድ፣ ወገቧም የማይሰበር ከሆነ ነው።

ስሕተቴ ይኸው ነበር። የእኔዋ 9 ዓመቷ እያለ እንዳንቺ ቸኮልኩና ፖይንት ቶሎ ወደሚሰጥበት ቦታ ወሰድኳት። ጫማውን ያገኘች ቀን አብራው ተኛች። በአራተኛው ወር ደረጃ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷን እየያዘች እንደምትቆም አየሁ፤ ለካ ሕመሙን ደብቃኝ ኖሯል፣ ጫማውን እንዳልነጥቃት። ግማሽ ዓመት አረፈች። የመጀመሪያዋ መምህርቷ አንድ ቃል ሳትወቅሰኝ ተቀበለቻትና ከትንንሾቹ ጋር ባሩ ላይ አቆመቻት። ልጄ ያን ቀን መኪና ውስጥ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ጫማውን እንደ ትምህርት ቤት ጫማ «ታድግበታለች» ብለሽ አስፍተሽ እንዳትገዢ። የአክስቷን ልጅ አሮጌም እንዳትቀበዪ። ጫፉ ጨርቅ በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው፤ ሰፋ ካለ እግሯ ወደ ውስጥ ይሰምጥና ክብደቷ ሁሉ በጣቶቿ ላይ ይወድቃል። የሚለካ ባለሙያ ጋ ውሰጃት፣ መምህርቷም አይታ ትፍቀድ። ዋጋው ውድ ነው፣ ከአሁኑ አስቀምጪ።

ከ11 እስከ 13 ባለው ጊዜ ቁመቷ ድንገት ይመዘዛል። አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻው ኋላ ይደርሳል፤ ትናንት የምትችለው መዞር ዛሬ ይጠፋታል፣ እግሯ ራሱ የሌላ ሰው ይመስላታል። ብዙ ልጆች የሚተዉት ያኔ ነው፣ ሰነፍኩ ብለው። ያልፋል በያት፣ መምህርቷም ዝላዩን ትቀንስላት። በዚህ ዕድሜ ስለ ሰውነቷ ውፍረት ከአፍሽ አንዲት ቃል አትውጣ፤ በመስታወት ፊት የምትውል ልጅ ናት። የምትበላውን የምትቀንስ ልጅ የወር አበባዋ ሊቀር፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል።

የጾሙን ነገርም ልንገርሽ። እዚህ አሜሪካ ነትክራከር የተባለው ባሌት የሚታየው ታኅሣሥ ላይ፣ ልክ በጾመ ነቢያት ነው፤ ልጆቹ በየሳምንቱ መጨረሻ እየተለማመዱ ነው የሚቆዩት። ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ። እኔ ሽሮና ምስር በትልቅ ምሳ ዕቃ እየያዝኩ፣ ከመግባቷ ሁለት ሰዓት በፊት መኪና ውስጥ አበላት ነበር።

ትከሻዋን አውርጂ ሲሏት እንዳትከፊ። እስክስታ የለመደ ትከሻ ዝም ማለት ይከብደዋል፤ የእኔዋ ግን ሁለቱንም ቻለች፣ በዘመድ ሠርግም እስክስታው አልጠፋባትም። በሮዝ ታይቱ ፈንታ ደግሞ የቆዳዋን ቀለም የሚመስል ይፈቀድላት እንደሆነ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ታይቱ የቆዳዋን ቀለም ሲመስል እግሯ ከዳሌ እስከ ጣት ሳይቆራረጥ ይታያል። አርተር ሚቸልና ካሬል ሹክ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የሃርለሙ የባሌት ቡድን ከሰባዎቹ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚለብሰው።

እናቶች ገብተው የሚያዩበት ቀን ሲመጣ እግሯ ምን ያህል ከፍ አለ ብለሽ አትለኪ። መሐል ወጥተው ሲዘሉ ዐይንሽን ጨፍኚና ሲያርፉ የሚያሰሙትን ድምፅ አድምጪ። ያቺ የጎረቤትሽ ልጅም ስትዘል ብትሰሚያት ጥሩ ነበር። የልጅሽ ኮቴ ከአምናው ከለሰለሰ ደውዪልኝ።