ወደ ዳገት የሚወጣው ቡናና የማይነካው ደን

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ፣ ከዚያም አልፎ በሸካና በከፋ ከፍታዎች ላይ የቀረው የተፈጥሮ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ሁለት ጠባቂዎች ስለነበሩት ነው። አንደኛው ጥቅም ነው፤ ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው የሚገኙት ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከዛፍ ላይ በመሆኑ፣ ዛፉን የጣለ ሰው የራሱን ጓዳ እንደሚያራቁት ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ፈሪሃ ነው፤ ምንጭ የሚፈልቅበት ጥግ፣ ፏፏቴ የሚወርድበት ገደል፣ ረግረጉና አንዳንዱ ተራራ የመንፈስ ማደሪያ እየተባሉ ይከበሩ ስለነበር መጥረቢያ ይዞ የሚደፍራቸው አልነበረም። አሁን ሁለቱም ጠባቂዎች በአንድ ዘመን እየደከሙ ነው፤ የመጀመሪያውን የአየር ንብረት ለውጥ ከቦታው እያንቀሳቀሰው ሲሆን፣ ሁለተኛውን ደግሞ የአዲሱ ትውልድ እምነትና ትምህርት እየሻረው ነው። በዚህ ምክንያት የደን ጉዳይ ከግብርና ባለሙያው መዝገብ ወጥቶ ወደ ሃይማኖትና ወደ ፍልስፍና ደጃፍ ደርሷል፤ ጥያቄውም ለሰው የማይጠቅም፣ የሚፈራም መንፈስ የሌለበት ደን በማን ስም ይጠበቃል የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጠባቂ ታማኝነት ቀድሞውንም ሙሉ አልነበረም። በአካባቢው ቡና የሚገኘው በአራት መንገድ ነው፤ ሰው ሳይተክለው በቅሎ የሚለቀመው የጫካ ቡና፣ ደኑ እየሳሳና ከሥሩ እየተመነጠረ የሚያዘው ከፊል ጫካ ቡና፣ በቤት ዙሪያ የሚተከለው የጓሮ ቡና፣ እንዲሁም እንደ በበቃና እንደ ቴፒ ባሉ ሰፋፊ እርሻዎች የሚለማው ቡና። ስለ ደን ጥበቃ ሲነገር አዘውትሮ የሚወደሰው ከፊል ጫካ ቡና ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀረሮው፣ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው እንደ ቆሙ ይታያሉና። ይሁን እንጂ ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝና ለቀማው እንዲቀልለት ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ በሚመነጥርበት ጊዜ የትልልቆቹን ዛፎች ችግኝ አብሮ ያጭደዋል፤ ከዓመታት በኋላ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ወራሽ አያገኝም። እንዲህ ያለው ደን ቆሞ ሳለ መካን ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበሬውን ለዚህ መውቀስ ግን አይገባም፤ ጥላ ያስፈልገው ነበር፣ ጥላውንም ጠብቋል፤ የሚወልደው፣ የሚያረጀውና የሚተካካው የፍጥረት ማኅበር፣ ማለትም ደኑ ራሱ፣ በጥቅሙ ስሌት ውስጥ አልገባም እንጂ።

የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል የአንድ ክረምት መብዛት ወይም የአንድ በጋ መበርታት ሳይሆን፣ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ የሙቀትና የዝናብ ልማድ ከነበረበት መንቀሳቀሱን ማለት ነው። የኢትዮጵያ አማካይ የዓመት ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። አረቢካ ቡና በጣም የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለሆነም አንድ ዲግሪ የሞቀበት አገር ቡና የቀድሞ አየሩን ለማግኘት አንድ መቶ ስድሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ይኖርበታል ማለት ነው። ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ቴፒ ከወዲሁ በሙቀቱ ጠርዝ ላይ ናት፤ ሚዛን ከእርሷ ጥቂት ከፍ ትላለች፤ በማሻ በኩል ግን ምድሩ ከ2,000 ሜትር አልፎ እስከ ቀርከሃው ደን ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታንያው የኪው ዕፀዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያዊው የቡና ደን ተመራማሪ ከታደሰ ወልደማርያም ጎሌ ጋር ባወጡት ጥናት፣ ለዱር አረቢካ ቡና የሚስማሙት ቦታዎች እስከ 2080 ከ65 በመቶ እስከ 99.7 በመቶ ሊቀንሱ እንደሚችሉ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ አሁን ቡና ከሚመረትበት የኢትዮጵያ ምድር ከ39 እስከ 59 በመቶው የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ እርሻው ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅ ግን ለቡና የሚመች መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል አመለከተ።

ይህ የመጨረሻው ግምት ተስፋም ሥጋትም ነው። ቡና ወደ ላይ መውጣት ከቻለ የገበሬው ልጅ ሥራ አያጣም፤ ነገር ግን የሚወጣበት ቦታ ባዶ አይደለም። እስከ ዛሬ ብርዱ ቡናን ስለከለከለ ሰው ብዙም ያልፈለገው የላይኛው ደን ከሥሩ ያልተመነጠረ፣ የባሮ ገባሮች የሚነሡበት፣ ጎሹ፣ ነብሩ፣ ጉሬዛውና በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ብቻ የሚኖረው የቡቱርሊኒ ጦጣ የሚጠለሉበት ነው። እንስሳቱና ዕፀዋቱም በሙቀቱ ምክንያት እንደ ቡናው ወደ ላይ መሸሽ አለባቸው፤ ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠባል፣ ጫፍም አለው። ቆላውን ደን ያቆየው ጥቅም ራሱ የደጋውን ደን የሚከፍት ምክንያት ሊሆን ነው፤ ዋናው የሥነ ምግባር ጭንቅም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፈላስፎች የአንድን ነገር ዋጋ ከሁለት ይከፍሉታል፤ ለሌላ ነገር መገልገያ በመሆኑ የሚኖረው መሣሪያዊ ዋጋ ይባላል፣ ማንም ባይገለገልበት በራሱ የሚኖረው ደግሞ ውስጣዊ ዋጋ ይባላል። የመሣሪያዊ ዋጋ ጠበቆች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፣ ማስረጃውም ከዚሁ ምድር የበቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ የተወሰደ የቡና ዘር በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ፓናማ ገብቶም ለዓመታት ብዙም ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በአገሪቱ የቡና ውድድር አንደኛ ሲወጣ የዓለም ገበያ ስሙን ተማረ። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ በታየ ጊዜ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያገኙት ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ ደኖች በሰበሰቡት ዘር ነው። ዛሬ የማይጠቅም የሚመስለው ነገ ሊያድን ስለሚችል ሁሉም ይጠበቅ የሚለው ክርክር በዚህ ሁሉ ይበረታል።

ሆኖም ይህ ክርክር በመጨረሻ የሚጠብቀው ዘሩን ነው። ለዘሩ ሲባል ደግሞ ደን የግድ አያስፈልግም፤ ጅማ አቅራቢያ በጮጬ እንዳለው ያለ የቡና ማቆያ መስክ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ይይዛል። ገበያ የማይፈልገው ጦጣ፣ ስም ያልወጣለት እንጉዳይ፣ ጌተም በተባለው ዛፍ አበባ ላይ የሚውል ነፍሳት ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ ክብደት የላቸውም። ስለዚህ ጥቅምን ብቻ መሠረት ያደረገ ጥበቃ ጥቅሙ ቦታ ሲቀይር አብሮ ይቀየራል፤ የአየር ንብረት ለውጥ ያደረገው ነገር ይህን የተሸሸገ ድካም ማጋለጥ ነው።

ሃይማኖት ለዚህ ምን ይላል? አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሊን ዋይት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ፣ ለተፈጥሮ ቀውስ ተጠያቂ ከሚሆኑት አንዱ ሰውን በፍጥረት ላይ የሚሾመው የምዕራቡ ክርስትና አስተሳሰብ ነው ሲል ከስሷል። ክሱ ስለ ምዕራቡ ዓለም ታሪክ ጥቂት እውነት ቢኖረውም መጻሕፍቱን ራሳቸውን በሚገባ አላነበበም። በኦሪት ዘፍጥረት ሰው የሚገዛበት ሥልጣን ከተሰጠው በኋላ በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት ነው፤ የጥፋት ውኃ በመጣ ጊዜም ኖኅ ወደ መርከቡ ያስገባው የሚታረዱትንና የሚጫኑትን ብቻ አልነበረም፤ ርኩስ የተባሉት፣ ለመሥዋዕትም ለምግብም የማይሆኑት አብረው ገብተዋል። ከሁሉ የሚደንቀው በመጽሐፈ ኢዮብ 38ኛ ምዕራፍ ላይ ፈጣሪ ለኢዮብ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ እንደሚያወርድና በዚያ ሣር እንደሚያበቅል ይነግረዋል። ማንም የማያጭደው ሣር፣ ማንም የማይጠጣው ዝናብ በፈጣሪ ዘንድ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ስለ ውስጣዊ ዋጋ ከዚህ የጠለቀ ትምህርት ማግኘት ይከብዳል። በእስልምናም ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ፣ ማለትም ምትክ ሆኖ የተሾመ ባለ አደራ ሲሆን፣ ቁርኣን የምድር እንስሳትንና በክንፎቻቸው የሚበሩትን ወፎች እንደ ሰው ልጆች ያሉ ማኅበረሰቦች እንደ ሆኑ ያስተምራል።

ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ የተጠበቀው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ጉዳዩን ከወቅቶች ጋር ያያይዘዋል፤ በኃጢአተኞች ዘመን ዝናብ እንደሚዘገይና የዛፍ ፍሬ በጊዜው እንደማይገኝ ይናገራል። ይህን ክፍል የሚሰብክ ሰው ግን መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ዝናቡ የዘገየበት ሰው ኃጢአተኛው እርሱ ነው ብሎ መፍረድ የኢዮብ ወዳጆች የፈጸሙት ስሕተት ነውና። ኢትዮጵያ ዓለም ከሚያወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ የቴፒ ቡና ለቃሚ ጭስ ከባቢ አየሩን አላሞቀውም፤ ዕዳውን ግን በየዓመቱ እየከፈለ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጠባቂ ሲመለስ ነገሩ ይከብዳል። የሸካና የከፋ የጎሳ አባቶች ያስከብሯቸው የነበሩ ደኖች፣ ምንጮችና ረግረጎች ባለፉት አሥርተ ዓመታት በወንጌላውያንም በኦርቶዶክሳውያንም ስብከት ባዕድ አምልኮ የሚፈጸምባቸው ቦታዎች ተብለው ተነቅፈዋል። ፍጥረትን አለማምለክ የእነዚህ ሃይማኖቶች መሠረት በመሆኑ ሰባኪዎቹ መንፈሱን በመካዳቸው ሊወቀሱ አይችሉም፤ የሚጠየቁት መንፈሱ የተነሣበትን ደን ለማን እንዳስረከቡት ነው። ዛፍ አምላክ አይደለም ማለት ዛፍ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በእምነቱ ውስጥ ላለ ሰው ከመንፈሱ ይልቅ የሚያስፈራው ባለቤት ሊመጣ ይገባ ነበር። በብዙ ቦታ የሆነው ግን ፍርሃቱ ሲነሣ አደራው ሳይተካ መቅረቱ ነው፤ አማኙ ከቆረጠው ዛፍ ሥር ምንም እንዳልደረሰበት ሲያይ ነፃ የወጣ መሰለው። በሰሜኑ አገር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያሉ፤ በደቡብ ጎንደር እነዚህን ደኖች ያጠናውና ብዙ አንባቢ «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፉ የሚያውቀው የሥነ ምኅዳር ምሁር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳመለከተው፣ ዙሪያው ተራቁቶ ሳለ የአገር በቀል ዛፍ መጠጊያ የሆነው የታቦቱ ቅጽር ነው። ነገር ግን ቅጽር ወፍና ችግኝ ያኖራል እንጂ ነብርና ጎሽ አያኖርም፤ ደቡብ ምዕራቡ የሚያስፈልገው ከአጥር ግቢ የሚሰፋ ቅድስና ነው።

መንግሥትና ዩኔስኮ በበኩላቸው አንድ ዓይነት አጥር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋ፣ በ2012 ደግሞ ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ያለው የሸካ ደን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ይህም ሰው የማይነካው እምብርት፣ በልክ የሚገለገልበት ዙሪያና ኑሮ የሚካሄድበት የሽግግር ቀጠና ተለይተው በአንድነት የሚጠበቁበት ሥርዓት ነው። በካርታ ላይ ያለው መስመር ባለበት ይቆማል፤ ሙቀቱ ግን ይወጣል፣ ቡናውም ይከተላል። መስመሩን የሚያስከብረው ዘበኛው ብቻ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ የሚያርፈው ድምፅ በሌለው ላይ ነው። በከፋና በሸካ በደን ላይ ኑሯቸውን የመሠረቱት መንጃዎች የዱር እንስሳ ይበላሉ እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል፤ ደኑን ማክበር የደኑን ሰው ከመናቅ ጋር አብሮ የኖረበት ታሪክ ስላለ፣ አዲሱ ጥበቃም ይህን በደል እንዳይወርስ ያሠጋል።

በዚህ አካባቢ ልማድ ውስጥ ግን ከመንካትና ካለመንካት መካከል የቆመ ሥርዓት አለ፤ ቆቦ ይባላል። ቆቦ አንድ ሰው በተወሰነ የደን ክፍል ቀፎ የመስቀል መብት የሚያገኝበት፣ ለልጁም የሚያወርሰው የይዞታ ሥርዓት ነው፤ ማሩ የባለ ቆቦው ነው፣ ዛፉ ግን እንዲቆም ግዴታ ነው። ነጭ ማር የሚሰጠው ጌተም በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወፍ ከጣለችው ዘር የሚበቅል ስለሆነ ማንም ተክዬዋለሁ ሊል አይችልም፤ ቀፎ የሰቀለው ሰው ካልተከለው ዛፍ፣ ባልቀለባት ንብ በኩል የሚደርሰውን ይቀበላል። ኸሊፋነትና የገነት ጠባቂነት በሸካ ከፍታ ላይ ምን መልክ እንደሚኖራቸው የሚጠይቅ ሼክ፣ ቄስ ወይም ፓስተር ምሳሌውን ከሩቅ ማምጣት አይጠበቅበትም፤ ከማሻ በላይ ባለው ደን ቀፎው እስከ አሁን ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ የቡናው ችግኝ ደግሞ ከሥሩ ባለው ተዳፋት ላይ ደርሷል።