ስንት ትሰጠዋለህ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሆነን እንገናኛለን። ጀበና ከማይወርድባት አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ጥግ ይዘን እንቀመጣለን። ሕጋችን ቀላል ነው፦ ተራ የደረሰው ሰው አንድ የሙዚቃ አልበም ይመርጣል፣ የቀረነው ሳምንቱን እናዳምጠዋለን፣ ቅዳሜ ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። ነጥቡን ማን እንዳመጣው ረስቼዋለሁ። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ስንት ትሰጠዋለህ?»

አንድ ቅዳሜ ስምንት ሰጠሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ስምንት ነው።

አልበሙ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ነበር። የመረጠው ጓደኛዬ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ጾመ ድጓ የተማረ ሰው ነው፤ ዛሬ እንጀራው በሌላ ሥራ ቢሆንም ጆሮው እዚያው ዜማ ቤት ቀርቷል። አልበሙን ሲሰጠን ምንም አላብራራም። «ስሙልኝ» አለ፣ በቃ። እኔ ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ አንዴ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ ዕቃ እያጠብኩ ሰማሁት። ቅዳሜ ሲደርስ ስምንት አልኩ፣ «ትልቅ ሥራ ነው» የሚል ቃልም ጨመርኩበት። ጓደኛዬ አመሰገነኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ «አራተኛውን ክፍል እንዴት አገኘኸው?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። እሱም አልደገመውም፤ ስኒውን አነሳ።

ሦስት ብሰጠው ኖሮ እንዲህ አላፍርም ነበር። ሦስት ብል «ለምን?» ይለኝ ነበር፤ እከራከረው፣ ይከራከረኝ ነበር። ስምንት ግን ክርክር የማይገባበት የተዘጋ በር ሆነ። በጎ ነጥብ ሰውን እንዲህ ብቻውን ሊያስቀር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስምንቱን ከአፌ ያወጣው ይሉኝታ ነው። «ስሙልኝ» የሚለው ቃል የ«ብሉልኝ» ታናሽ ወንድም ነው፤ በሁለቱም መጨረሻ ላይ ያለችው «ልኝ» ታስራለች። ማዕድ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ወጡ ጨው በዝቶበታል አይልም፤ ጉርሻ የተዘረጋለት ሰው አፉን አይዘጋም። ይህ ሥርዓት ለማዕድ ትክክል ነው፣ እወደዋለሁም። ወጡ ማታውን ያልቃል፤ የሠራችው ሴት ክብር ግን ይቆያል። ስህተቴ ይህንኑ ሥርዓት ሳላስብበት ወደ አልበሙ ማምጣቴ ነው። ጓደኛዬ አልበሙን አላበሰለውም። እሱም እንደኔ ታዳሚ ነው፤ ቀድሞኝ ድግሱን ቀምሶ የተመለሰ። የሚፈልገው ምስጋና አልነበረም። አንድ ነገር ሰምቷል፣ በሰማው ነገር ውስጥ ብቻውን ነው፣ ጓደኛ ይፈልጋል።

ቤቴ ገብቼ አልበሙን እንደገና ከፈትኩት፤ በዚህ ጊዜ መብራት አጥፍቼ፣ ስልኬን አርቄ። ኮልትሬን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1964 ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ቀን የቀዳው ሥራ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ አራት ክፍል። ፒያኖው ማኮይ ታይነር፣ ባሱ ጂሚ ጋሪሰን፣ ከበሮው ኤልቪን ጆንስ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል ባሱ አራት ድምፅ ብቻ ያላት አጭር ሐረግ ያነሳል፤ ሳክስፎኑ ይቀበልና በአሥራ ሁለቱም የድምፅ መነሻዎች እየዞረ ይደጋግማታል፤ በመጨረሻ ራሱ ኮልትሬን በአንደበቱ ያዜማታል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንትም ሰምቼው ነበር። ያልሰማሁት አራተኛውን ነው። በስልክ ስላዳመጥኩት የሸክላውን ሽፋን አላየሁም፤ በሽፋኑ ውስጥ ኮልትሬን ለእግዚአብሔር የጻፈው ጸሎት ታትሟል። በአራተኛው ክፍል ሳክስፎኑ የሚጫወተው ያንን ጸሎት ነው፤ ቃል በቃል፣ ቀለም በቀለም፣ አንደበት ሳይከፈት። ጽሑፉን ፊቴ ዘርግቼ ተከተልኩት። እየወረደ የሚያርፈው፣ አረፍ ብሎ እንደገና የሚነሳው ነገር ዝም ብሎ ዜማ አልነበረም፤ ንባብ ነበር። ጾመ ድጓ የተማረ ልጅ ይህንን ሽፋኑን ሳያይም እንደሰማው አልጠራጠርም።

እስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ባሳተመው ጽሑፉ ከ«ዶን ኪኾቴ» የወሰዳትን አንዲት ወግ ያነሳል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን እንዲቀምሱ ይጋበዛሉ። አንደኛው ቀምሶ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ቆዳ ቆዳ ይላል» ይላል። ሁለተኛው፣ «ጥሩ ነው፣ ግን ብረት ብረት ይላል» ይላል። ሰው ይስቅባቸዋል። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ይገኛል። ሂዩም ከምላስ ወደ ጥበብ ለመሻገር ይህን ወግ አስፈልጎታል፤ ጣዕም የየሰው ስሜት ብቻ ሳይሆን የሚያገኘው ነገር እንዳለ ለማሳየት። እኛ ድልድዩን ቋንቋችን ውስጥ ሠርተነው ቆይተናል፤ ጣዕመ ዜማ እንላለንና።

ከወጉ ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሰዎች ነጥብ አልሰጡም። አንዳቸው «ሰባት» ቢሉ ኖሮ ከበርሜሉ ሥር የተገኘው ቁልፍ እውነት ተናገሩ ወይም ዋሹ ብሎ ሊመሰክርላቸው አይችልም ነበር፤ ሰባት ከቁልፍ ጋር አይገናኝም። «ቆዳ ቆዳ ይላል» ግን ይገናኛል። የእኔም ስምንት ከአራተኛው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ደግሞም በሂዩም ወግ በርሜሉ ውስጥ ቁልፍ መኖሩን የሚያውቅ ማንም የለም። ሰው በመረጠልን አልበም ውስጥ ግን ቁልፉን ያገኘ አንድ ሰው አስቀድሞ አለ፤ አግኝቶት፣ እዚያው መልሶት፣ ዝም ብሎ የሚጠብቀን። ጓደኛዬ «አራተኛው ላይ ሳክስፎኑ ጸሎት ያነባል» ቢለኝ በእሱ ጆሮ እሰማው ነበር። ዝም ያለው በራሴ ጆሮ እንድሰማ ነው። ትልቅ አክብሮት ነበር፤ እኔ ሳልከፍተው መለስኩለት።

ታዲያ ነጥቡን ለምን አንተወውም? ከመካከላችን አንዷ ይህንን ደጋግማ ታነሳለች። የሚደግፋት ምሳሌም ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ ኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን አልበም ቀዳ፤ ሁለት አራት አራት ሰው ያላቸው ባንዶች፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ የሚጫወቱበት። «ዳውንቢት» የተባለው የጃዝ መጽሔት በጥር 1962 እትሙ ይህንኑ አልበም ለሁለት ሐያሲ ሰጠው። ፒት ዌልዲንግ አምስት ኮከብ ሰጠ፤ ከዚያ በላይ የለም። ጆን ታይናን አንድም ኮከብ አልሰጠም። አማካዩን እናውጣ ካልን ሁለት ተኩል ይመጣል። ሁለት ተኩል የሰማ ሰው ግን የለም። እኛም በደብተራችን የሰጠነውን ነጥብ ደምረን ስናካፍል የኖርነው ማንም ያልሰማውን ነገር ስንመዘግብ ነው። ማካፈሉን ትተናል።

ነጥቡን ግን አልተውንም፤ እንዳይቀር የተከራከርኩትም እኔ ነኝ። በይሉኝታ ላደገ ሰው ቁጥር መጥራት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። «ደስ ይላል» ማንንም አያጋልጥም፤ «አምስት» ግን ያጋልጣል፤ ተናጋሪው ከቁጥሩ በኋላ ምክንያቱን የማቅረብ ዕዳ አለበት። የተቀየረው ቅደም ተከተሉ ነው። አሁን መጀመሪያ የሰማነውን እንናገራለን፦ የቱ ጋ ጆሯችን እንደቆመ፣ የቱ ጋ እንደሸሸ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እናቶቻችን ጥጡን ከፍሬው ሲለዩ ዳመጡ እንላለን፤ ጆሯችንን ስንሰጥ አዳመጥን እንላለን። ሁለቱ ቃላት ጎረቤት ናቸው፣ ሥራቸውም ይመሳሰላል፤ ፍሬው ሳይወጣ ጥጡን መመዘን ከንቱ ልፋት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ፍርዱ ቁጥር ሳይሆን ሥራ ይሆናል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ወዳጁ ከኢትዮጵያ ያመጣለትን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ሰማ። በካሴት እየቀዳ ለሙዚቃ ሰዎች አደለው፤ አልበቃውም፣ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» አውሮፓ ውስጥ ታተመ፤ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ተጀመረ። በ2005 በወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለመንገደኛው ወዳጁ ሙዚቃ በዲስክ ቀድቶ ይሰጠዋል፤ ከመኪናው የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ሳስብ ፋልሴቶ ለዚያ ሸክላ ከአሥር ስንት ይሰጠው ነበር ብሎ መጠየቅ ይከብደኛል። አውሮፕላን ተሳፍሮ መልሷል።

እኔ ለኮልትሬን የሰጠሁትን ስምንት ከሁለት ቅዳሜ በኋላ አነሳሁት። ሽፋኑን ማንበቤን፣ አራተኛውን ክፍል ከጸሎቱ ጋር መከተሌን፣ እንባዬ መምጣቱን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ባሱ ብቻውን የሚቀርበት ረጅም ጨዋታ ግን እንደሰለቸኝ፣ ሦስት ጊዜ ሰምቼው ሦስቴም ሐሳቤ እንደሸሸ አልደበቅኩም። «ስድስት» አልኩ።

ጓደኛዬ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊት አላየሁም። «ባሱን አልሰማኸውማ!» አለ። «ቅዳሴ ሊገባ ሲል ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ታውቃለህ አይደል? እሱ ነው። ያን ጸጥታ ካወጣኸው ጸሎቱ ከየት ይነሳል?» እኔ ጸጥታ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም አልኩ። እሱ ይፈጃል አለ። በረካው ሲቀርብ ገና አልተስማማንም ነበር።